ልጅዎ ስለ ጎረቤት ሃይማኖት ሲጠይቅዎ

ልጅ አፉን ከፈታ በኋላ ጥያቄው አያልቅም። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ ጨረቃ ለምን አብራው እንደምትሄድ፣ አያቱ ለምን እንደሞቱ ይጠይቃል። እናትም እንደ አቅሟ ትመልስለታለች። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን እናመነታለን። «እማዬ፣ እዚያ ማዶ ያሉት እትዬ ከመስገዳቸው በፊት ለምን እግራቸውን ይታጠባሉ?» «እማዬ፣ እነሱ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፉ ለምን ያማትባሉ?» «ከእነሱ ቤት ሥጋ የማንበላው ለምንድን ነው?»

ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ዝም በል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም!» እንላለን። ወይም «የእነሱ እንደዚያ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን። ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን የታፈነ ጥያቄ ከቤት ወጥቶ ሌላ መልስ ሰጪ ይፈልጋል እንጂ አይጠፋም። ልጁ በእናቱ ፊት ላይ ያየው መደንገጥም ስለ ጎረቤቶቹ አንድ የተደበቀ ክፉ ነገር እንዳለ ያስገምተዋል። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ለምን እናመነታለን?

የምናመነታባቸው ምክንያቶች በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። እናት ልጇ የሌላውን ሃይማኖት ካወቀ ልቡ ይሸፍታል ብላ ትሰጋለች። በከተሞቻችን ከአንድ ቤት ወንድም ወይም እህት ሃይማኖት ቀይሮ፣ ቤተሰቡ ለብዙ ጊዜ የተኳረፈበት ሁኔታ በየሠፈሩ ስላለ ስጋቱ ከምንም የተነሣ አይደለም።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ጎረቤትን ስለ እምነቷ መጠየቅ ነገር ፍለጋ መስሎ እንዳይታይ፣ «ምን ልትለኝ ነው?» እንዳትል እንጠነቀቃለን። ሦስተኛው ኃጢአት መስሎ መታየቱ ነው። የሌላውን ጸሎት ወይም ጾም ትርጉም መስማት ራሱ ከእምነት የሚያጎድል የሚመስላቸው አሉ።

አራተኛውን ምክንያት ግን ጮክ ብለን አንናገረውም። ስለ ራሳችንም በቂ እውቀት የለንም። ልጁ ስለ ጎረቤቱ ጾም ጠይቆ መልስ ቢያገኝ፣ ቀጥሎ «እኛስ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንጾማለን?» ማለቱ አይቀርም። ረቡዕ በክርስቶስ ላይ ምክር የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ዕለት በመሆኑ እንደሚጾም የማትነግረው እናት ብዙ ናት፤ ጾሙን ዕድሜ ልኳን ስትጾመው ኖራ ማለት ነው። እንደዚሁም ረመዳን ቁርኣን መውረድ የጀመረበት ወር መሆኑን ለልጇ ሳትነግር አፍጥር ብቻ የምታሰናዳ እናት አትታጣም። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ወደ ጎረቤት ያመራ ቢመስልም ተመልሶ ወደ ራስ ቤት ይገባል። ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። የራሱን የሚያውቅና እናቱን ለመጠየቅ የማይፈራ ልጅ፣ ነገ ጥርጣሬ ሲገባው መጀመሪያ የሚያማክረው እናቱን ነው። ዝም የተባለው ልጅ ግን የሚያማክረው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

መጠየቅ በአገራችን እንግዳ አይደለም

«አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን ግን «አይጠየቅም» ማለት አድርገን ወስደነዋል። አባባሉ የሚከለክለው ማስገደድን እንጂ ማወቅን አይደለም። ማወቅ ሌላ ነው፤ መለወጥ ሌላ ነው።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የሚበልጥ ምስክር የለም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ ከመካ በስደት የመጡ ሙስሊሞች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠለሉ። አሳዳጆቻቸው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ። ክርስቲያን የነበረው ንጉሥ ግን የተባለውን ሰምቶ አላሰናበታቸውም። ስደተኞቹን ራሳቸውን አስጠርቶ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጃዕፈር የተባሉት የስደተኞቹ ቃል አቀባይ ስለ እምነታቸው ተናገሩ፤ በቁርኣን ውስጥ በማርያም ስም ከተጠራው ምዕራፍም አነበቡለት። ንጉሡም ሰዎቹን አሳልፎ አልሰጠም።

እናቶች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ይህን ታሪክ ለትውልድ ያስተላለፉት ከባለቤታቸው ጋር የተሰደዱት፣ በኋላም የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት የሆኑት ኡሙ ሰለማ ናቸው። የክርስቲያኑን ንጉሥ ደግነት የመሰከረች ሙስሊም ሴት ናት ማለት ነው። በትግራይ ከውቅሮ አጠገብ የምትገኘው ነጋሽ እስከ ዛሬ የዚህ ስደት መታሰቢያ ሆና ትኖራለች። የሁለቱ ሃይማኖቶች ትውውቅ በምድራችን የጀመረው በጥያቄ ከሆነ፣ የእኛ ልጅ ቢጠይቅ ነውሩ ምን ላይ ነው?

ባለማወቅ የሚመጣ ጉዳት

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 43.5 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 33.9 ያህሉ የእስልምና፣ ከ18 በላይ የሚሆኑት የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ነበሩ። የቀሩት የካቶሊክ፣ የባህላዊና የሌሎች እምነቶች ተከታዮች ናቸው። እንግዲህ ልጆቻችን በክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት፣ አድገውም አንድ መሥሪያ ቤት የሚገቡት ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። መምህሩ ሃይማኖት ለማስተማር ወደ ክፍል አይገባም። ስለዚህ የጎረቤቱን እምነት በአክብሮት ማወቅ የሚለመደው በቤት ነው።

ቤቱ ዝም ካለ ስልኩ ይናገራል። ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት እጅ ባለው ስልክ አንዱ የሌላውን እምነት ሲያንቋሽሽ፣ ለማስረዳት ሳይሆን ለማሸነፍ ሲከራከር ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ስለ ጎረቤቱ እምነት ከእናቱ አንዲት ቃል ያልሰማ ልጅ ይህን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል። መጨረሻውንም አይተነዋል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ለእንዲህ ያለው ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የእናት ዝምታ አመጣው አንልም። ነገር ግን የጎረቤቱን ጸሎት ትርጉም የሚያውቅ ወጣት የጸሎት ቤቱን እንዲያቃጥል በቀላሉ አይታዘዝም።

ምን ብለን እንመልስ?

መልሱ ረጅም ስብከት መሆን የለበትም። ልጁ በጠየቀው ልክ፣ «እኛ እንዲህ እናደርጋለን፤ እነሱ ደግሞ እንዲህ ያደርጋሉ» ብሎ መንገር ይበቃል። ጥቂት ምሳሌዎችን እንይ።

ስለ ጸሎት ቢጠይቅ፣ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱና ከዚያ በፊት እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡት በፈጣሪያቸው ፊት ንጹሕ ሆነው ለመቆም መሆኑን ይንገሩት። ሲሰግዱ ፊታቸውን ወደ መካ ያዞራሉ። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በመሆኗ የመዲናችን ሙስሊሞች የሚሰግዱት ወደ ሰሜን ነው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ደግሞ ለጸሎት ወደ ምሥራቅ ይቆማል። ልጁን ወደ ደጅ አውጥተው ፀሐይ የምትወጣበትን ቢያሳዩት ሁለቱን አቅጣጫ ራሱ ያገኛቸዋል፤ ጂኦግራፊም ይማርበታል። ወደ መስጊድም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ጫማውን እንደሚያወልቅም ይንገሩት።

ስለ ጾም ቢጠይቅ፣ በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከል እንዳለ፣ በረመዳን ደግሞ ለ29 ወይም ለ30 ቀን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ውኃም ጭምር እንደማይቀመስ ያስረዱት። «የእነሱ ጾም ለምን በየዓመቱ ይቀያየራል?» ካለ ምክንያቱ ጨረቃ ናት። በጨረቃ የሚቆጠረው ዓመት 354 ቀን ያህል በመሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። የክርስቲያኑን ጾም መግቢያ የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብም የጨረቃን ዑደት ይቆጥራል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ፣ ረመዳን የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። በዚያን ጊዜ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች፣ አንዷ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሌላዋ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቆርሱትን ምስርና ሽሮ ጎን ለጎን ሲሠሩ ከርመዋል።

ስለ ሥጋ ቢጠይቅ በተለይ ይጠንቀቁ። «የእነሱ ሥጋ ርኩስ ነው» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ፤ ልጁ በማግስቱ ለጓደኛው ይደግመዋልና። ክርስቲያኑ ሲያርድ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ ሲያርድ ቢስሚላህ እንደሚል፣ በአገራችን ልማድም እያንዳንዱ በራሱ ጸሎት የታረደውን እንደሚበላ ይንገሩት። ይህ ለእምነት መታመን እንጂ ሰውን መጸየፍ አይደለም። በሠርግና በድግስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ አርዶ በአንድ ዳስ ሥር ማብላት የቆየ ልማዳችን ነው።

ስለ በዓል ቢጠይቅ፣ የሙስሊሙ ልጅ በመስከረም 16 ደመራ የሚለኮሰው ንግሥት እሌኒ የክርስቶስን መስቀል ያገኘችበትን ለማሰብ፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት የሚከበረው ክርስቶስ በዮርዳኖስ የተጠመቀበትን ለማሰብ መሆኑን ይስማ። የክርስቲያኑም ልጅ ኢድ አልፈጥር የረመዳን ጾም መፍቻ፣ አረፋ አብርሃም ልጁን ለመሠዋት የታዘዘበት መታሰቢያ፣ መውሊድ የነቢዩ ልደት መሆኑን ይወቅ። እነዚህ ሦስት በዓላት የሕዝብ በዓል የሆኑት ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። ክርስቲያኑ የጎረቤቱን ጥያቄ ባያውቅ ኖሮ አብሮ አይሰለፍም ነበር።

በሥራ ቦታና በቤት

ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ጉዳይ በየቀኑ ያገኙታል። ዓርብ ዕለት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ረዘም ማለቱን እንወዳለን፤ ሙስሊም ባልደረቦቻችን የጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ የሚያመች መሆኑን ግን ሁላችንም አናስተውልም። በጾም ቀን የልደት ኬክ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞር፣ አልኮል የማይቀምሰውን ባልደረባ «አንድ ብርጭቆ ምን ያደርግሃል?» እያሉ መጨቅጨቅ ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ነው። ቢሆንም የሚጎዳው ሰው ጉዳቱ ያው ነው።

አጠራርም ትምህርት ይፈልጋል። እስልምና የሃይማኖቱ፣ ሙስሊም የአማኙ ስም ነው። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ጴንጠቆስጤ ከሚለው የመጣ ሲሆን በዘልማድ ለወንጌላውያን ሁሉ ይነገራል፤ አንዳንዱም ለንቀት ይጠቀምበታል። ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም መጥራት ጨዋነት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በገዛ ቤታችን ያለው ነገር ነው። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትሠራ ወጣት እምነቷ ከእኛ የተለየ ሊሆን ይችላል። ስትመጣ ደመወዟንና ዕረፍቷን እንነጋገራለን፤ የምትጾምበትን ቀን፣ የምትጸልይበትን ሰዓት፣ የማትበላውን ምግብ ስንቶቻችን እንጠይቃለን? እምነቷ የማይፈቅድላትን ሥጋ ከማቅረብ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። «ልጄ፣ በእናንተ ዘንድ የማይበላ ምንድን ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ለዚያች ወጣት እንደ ሰው መቆጠሯን ይነግራታል። ልጆቻችንም ሲያዩ ይማራሉ።

በሐዘን ጊዜም እንዲሁ ነው። በሙስሊሞች ዘንድ አስከሬን ታጥቦ፣ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ ሳይውል ሳያድር እንዲቀበር ይደረጋል። «ነገ እደርሳለሁ» ያለች ጎረቤት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ትደርሳለች። የኦርቶዶክስ ጎረቤት ሐዘን ግን በሣልስትና በአርባም ይታሰባል። ብዙዎቹ ወንጌላውያን ደግሞ ተዝካር አያወጡም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሟቹ የተረሳ መስሎት ያማቸዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው ጎረቤት የሚደረገውን ሲያውቅ ነው።

እንዴት እንጠይቅ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ስለ አንድ እምነት የሚጠየቀው አማኙ ራሱ ነው። «እትዬ፣ ልጄ ስለ ጾማችሁ ጠየቀኝ፤ ተሳስቼ እንዳልነግረው እርስዎ ቢያስረዱኝ» ቢባል የሚቆጣ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛዋ ጎረቤት ቡና አፍልታ ታስረዳለች። ነገር ግን ልናስተውላቸው የሚገቡ ወሰኖች አሉ።

በመጀመሪያ፣ የምንጠይቀው ለማወቅ ይሁን። መልሷን ሰምቶ ወዲያው «የእኛ ግን ይሻላል» ማለት ጠያቂ መስሎ ተከራካሪ መሆን ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤቷ መናገር ካልፈለገች አያስጨንቋት፤ የማትችለውም ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛ፣ አንዷ እናት የነገረችን የሃይማኖቱ ሁሉ ቃል አይደለም። ልማድና ሕግ ይለያያሉና፣ ጠለቅ ያለው ነገር የሚጠየቀው ከእምነቱ መምህራን ነው።

አራተኛውና ዋነኛው፣ የሰው ልጅ አደራ ነው። ሊጫወት የመጣውን የጎረቤት ልጅ ወላጆቹ ሳያውቁ እምነቱ የማይፈቅደውን ምግብ አናቅምሰው፤ ወደ ጸሎት ቤታችንም አንውሰደው፤ ጸሎታችንንም አናስጠናው። እናቱ ልጇን ወደ ቤታችን ስትልክ የምታምነን በዚህ ነው። ይህ እምነት አንድ ጊዜ ከተሰበረ ቀጥሎ በሩ ይዘጋል፤ ልጆቹም ይራራቃሉ። እኛም በልጃችን ላይ እንዲደረግ የማንፈልገው ይኸንኑ ነው።

በመጨረሻም ለልጁ ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው ብሎ መንገር አያስፈልግም። አንድ አይደሉም፤ አማኞቹም እንዲህ ቢባሉ ደስ አይላቸውም። የራስን እምነት እንደ እውነት ይዞ የሌላውን በትክክል ማወቅ ይቻላል። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ሆነው፣ በሠርግም በሐዘንም ሳይለያዩ የኖሩ ቤተሰቦች ይህንን ሲያደርጉ ቆይተዋል። ማንም የማንንም ሃይማኖት ስላወቀ የራሱን አልጣለም።

ስለዚህ ውድ እናት፣ ልጅዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅዎ አይደንግጡ። የሚያውቁትን ይንገሩት። የማያውቁት ከሆነም «እስቲ አብረን እትዬን እንጠይቃቸው» ብለው እጁን ይዘው ይሂዱ። የጎረቤት ደጅ ቅርብ ነው።